ከጎጃም በረንዳ እስከ ሸማ ተራ

መርካቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ጤፍ በተጫነ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ፣ ከጆንያ በላይ ተቀምጬ ነው። ግንቦት 1982 ዓ.ም. ነበር፤ ዕድሜዬ 13። ከደብረ ማርቆስ ሌሊት ተነሥተን፣ የዓባይን በረሃ በጠራራ ፀሐይ ወርደን ወጥተን፣ ጎሐ ጽዮንንና ፍቼን አልፈን በእንጦጦ በኩል ቁልቁል ስንወርድ መሽቶ ነበር። አባቴ ጋቢና መቀመጥ ሲችል ከእኔ ጋር ከላይ ነበር የመጣው። ጎጃም በረንዳ ስንደርስ የተቀመጠበትን ጆንያ በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ገባን» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ወደዚያ ገበያ እህል ጭኖ ሲገባ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

በ2017 ዓ.ም.፣ ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ፣ ያን ቀን መርካቶ ውስጥ የሄድንበትን መንገድ በእግሬ ልደግመው ከባሕር ዳር መጣሁ። የተነሣሁት ከአራዳ ጊዮርጊስ ነው። የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ እዚያ ነበር፤ ነጋድራሶች ቀረጥ የሚቀበሉበት፣ ከየአገሩ የመጣ ነጋዴ የሚራገፍበት። ጣሊያን ከተማውን ሲይዝ መሃሉን ለራሱ ሰዎች አስቀረና የአገሬውን ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው። ዛሬ መርካቶ የምንለው ያንን የተገፋ ገበያ ነው። ስሙ የጣሊያን ሆኖ ቀርቷል፤ ያሟሟቁት ግን ከጉራጌ፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረር፣ ከየመንም ሳይቀር የመጡ ሰዎች ናቸው። ቁልቁለቱን እየወረድሁ ሳስበው ይህ ገበያ ሲወለድም በሌላ ሰው ውሳኔ ነው፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ጊዜ ተወስኖበታል።

ጎጃም በረንዳ አሁን ድሮ የማውቀው አይደለም። ባቡሩ በላይ ያልፋል፤ በሥሩ ሚኒባሱ፣ ጋሪው፣ ተሸካሚው ይጋፋል። ዕቃ ያዘለ ወጣት «መንገድ! መንገድ!» እያለ ሲመጣ ጥግ ይዤ አሳለፍሁት። ጀርባው ላይ የነበረው ካርቶን የቻይና ቴርሞስ ነው። ከእርሱ ኋላ ደግሞ ሁለት ኩንታል በርበሬ በአንድ ጋሪ መጣ፤ ሽታው ዓይኔን አስለቀሰኝ።

ወደ እህል በረንዳ ታጠፍሁ። አባቴ ያን ቀን እጄን ይዞ የወሰደኝ ወደዚያ ነው፤ አንድ ሰው ይፈልግ ነበር። ሰውየው የእህል ነጋዴ ናቸው፤ የጉራጌ ሰው። ከአብዮቱ በፊትም በኋላም አባቴ የሚጭነውን ጤፍ የሚረከቡት እርሳቸው ነበሩ። ውል የሚባል ወረቀት በመካከላቸው አልነበረም። አባቴ ይጭናል፤ እርሳቸው ይረከባሉ፤ ገንዘቡ በሚቀጥለው መኪና ይላካል።

ከዚያ በ1960ዎቹ መጨረሻ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ደርግ ሶሻሊዝምን ካወጀ በኋላ ነጋዴውን የሚነኩት አዋጆች ተከታትለው መጡ። ባንክና ኢንሹራንስ የመንግሥት ሆነ። ጥር 1967 ላይ ፋብሪካውና ኩባንያው ተወረሰ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሆነ፤ ኪራዩ በወር እስከ 100 ብር የሆነው ቤት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያለው ለሚመለከተው ሚኒስቴር ተሰጠ። በ1968 ደግሞ ለግል ነጋዴ ጣሪያ ተበጀለት፤ ለጅምላ ንግድ ከ300,000 ብር፣ ለችርቻሮ ከ200,000 ብር በላይ ካፒታል ማንቀሳቀስ ተከለከለ፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ እንዳይዝም ተደረገ። የሸቀጡን ማከፋፈል የመንግሥት ኮርፖሬሽን ያዘው። እህሉን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት። በብዙ ክፍለ ሀገር ነጋዴው ከገዛው እህል ቢያንስ ግማሹን በተተመነ ዋጋ ለድርጅቱ ማስረከብ ነበረበት። በእኛ በጎጃም ግን ከዚያም ጠበቀና የግል ነጋዴ እህል ከክፍለ ሀገሩ እንዳያወጣ ተከለከለ።

አባቴ የመጨረሻውን መኪና የጫነው በ1971 ነው። አሥራ ሁለት ኩንታል ጤፍ ዋጋው ሳይላክለት ኬላው ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሞከረ፤ አንድ ኬላ ላይ ስድስት ኩንታል ተወረሰበትና ተወው። እናቴ ጠላ እየጠመቀች አሳደገችን። እኔ በበኩሌ ያንን ዘመን የማስታውሰው በሰልፍ ነው። ከኅብረት ሱቁ በር ላይ ኩፖኑን በላብ እስኪርስ ጨብጬ፣ ስኳር ይኑር አይኑር ሳላውቅ የቆምሁባቸው ጠዋቶች አሉ። ሳሙና የመጣ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ልብስ ያጥብ ነበር።

ይህን የምጽፈው ያ ሥርዓት ለማንም አልጠቀመም ለማለት አይደለም። የቤት ኪራዩ በአዋጅ ሲቀነስ እፎይ ያለ ደሃ ብዙ ነው። መርካቶ ውስጥ እስከ ዛሬ ሱቅ ይዞ የቀረ ትንሽ ነጋዴም የቆየው በዚያ ኪራይ ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው፤ መንግሥት ነጋዴውን ለመቆጣጠር ሲል በነጋዴና በነጋዴ መካከል ያለውን መተማመን እንደ ሤራ ማየቱ። የዘመኑ ቃል «አሻጥር» ነበር። በኋላ በኢሕአዴግ ጊዜ «ኪራይ ሰብሳቢ» መጣ። አሁን ደግሞ ዋጋ በናረ ቁጥር በየዜናው «ስግብግብ ነጋዴ» ይባላል። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር ስሙ ይለወጣል፤ የሚሰየመው ያው መርካቶ በሩን ከፍቶ የተቀመጠው ሰው ነው። በእርግጥ የሚያከማች አለ፤ ሚዛን የሚያጎድልም አለ፤ መርካቶን የመላእክት አገር አላደርጋትም። ግን አንድን ሙያ በስድብ እየጠሩ የግሉን ዘርፍ ማሳደግ እንዴት እንደሚቻል አይገባኝም።

በ1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለማርያም ለፓርቲያቸው ማዕከላዊ ኮሚቴ የቅይጥ ኢኮኖሚን መምጣት ሲያበስሩ፣ የኮታ ሽያጩ ቀረ፤ ኬላው ተነሣ፤ የካፒታል ጣሪያውም አበቃ። ገበሬው በብዙ ቦታ የአምራች ማኅበሩን መሬትና በሬ በቀናት ውስጥ ተከፋፈለ። ቬትናም ከዚያ ከሦስት ዓመት በላይ ቀድማ፣ በ1986 እ.ኤ.አ.፣ ኮሚኒስት ፓርቲዋ ሥልጣኑን ሳይለቅ ዶይ ሞይ ያለችውን ለውጥ ጀምራለች። እነርሱ ከአሜሪካ ጋር ያደረጉት ጦርነት ካበቃ በኋላ የጀመሩትን እኛ የእርስ በርሱ ጦርነት ደጃችን ሲደርስ ጀመርን፤ አዋጁ አንድ ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይሞላው አገዛዙ ወደቀ። ቢሆንም አባቴ ያን ዜና በሬዲዮ ሲሰማ ተነሥቶ እንደቆመ ትዝ ይለኛል። በሁለት ወሩ ጤፍ ሰብስቦ፣ መኪና ተከራይቶ፣ እኔን ከላይ አስቀምጦ ወደ መርካቶ ሄደ።

እህል በረንዳ ያ ሰው አልነበሩም። «እህሉ ሲጠብባቸው ወደ ሸማ ተራ ዞረዋል» አሉን። ሄድን። ሱቁ ጠባብ ነበር፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም። ከፍ ያለ የእንጨት መደርደሪያ፣ የታጠፈ አቡጀዲ፣ ክር፣ ነጠላ። ሰውየው አባቴን ሲያዩ መነጽራቸውን አወለቁ። ተቃቅፈው ዝም አሉ። ከዚያ ዞር ብለው ከመደርደሪያው ሥር የብስኩት ቆርቆሮ አወጡና ከውስጡ ጫፉ የተበላ የዱቤ ደብተር አነሡ። ጣታቸውን በምራቅ እያራሱ ገለጡ። አንድ ገጽ ላይ የአባቴ ስም፣ ከሥሩ «ጤፍ 12 ኩ.»፣ ከጎኑ «840 ብር»። አሥራ አንድ ዓመት ያልተሰረዘ። አሥር የመቶ ብር ኖት ቆጥረው በሁለት እጃቸው ሰጡት። አባቴ 160 ብር መለሰላቸው፤ እርሳቸው እምቢ አሉ፤ ብዙ ተግደረደሩ፤ በመጨረሻ 160ው ብር የእኔ ሆነ፤ ጫማና ደብተር ተገዛልኝ። ገጹ ሲሰረዝ አይቻለሁ። መስመሩን ያሰመሩት በማስመሪያ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ኢኮኖሚ ማሻሻያ የሚነገረውን ሁሉ የምሰማው በዚያ ደብተር በኩል ነው። አዋጁ የፈቀደው መንገዱን ነው። ንግዱን ያስቀጠለው ግን አዋጁ ያልነካው፣ ኬላውም ያልደረሰበት ቃል ነው።

ዛሬ ያንን ሱቅ የያዙት ልጃቸው ናቸው። እኔን በብዙ ዓመት ይበልጡኛል፤ እትዬ እላቸዋለሁ። አባታቸውም አባቴም ካረፉ ቆይቷል። መደርደሪያው ያው ነው፤ አቡጀዲው ግን በቻይናና በህንድ ጨርቅ ተተክቷል፤ ጥግ ላይ የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ ተቀምጧል። «የዚያ ጎጃሜ ልጅ፣ ና ግባ፤ ቆመህ አትቅር» አሉኝ። ሻይ አስመጡ። ከሱቁ ትይዩ፣ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት እሳት የበላው አካባቢ ይታያል። ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ከሰው ጋር ዕቃ ሲያወጡ አድረዋል። የእርሳቸው ተርፏል። ከእሳቱ ማዶ የነበረ አንድ ጎረቤታቸው ግን ዕቃውንም፣ የዱቤ ደብተሩንም አጣ። «ሱቁ ብቻ ተቃጥሎ ቢሆን ይሻለው ነበር፤ የጎዳው ደብተሩ ነው» አሉኝ። ማን ምን ያህል እንዳለበት የሚያውቀው በደብተሩ ነበርና። ከዚያ ግን ከማግስቱ ጀምሮ ተበዳሪዎቹ ራሳቸው እየመጡ «ይህን ያህል አለብኝ» እያሉ አስጻፉት። ሁሉም መጡ ወይ ብዬ ጠየቅሁ። «ሁሉም አልመጡም» አሉ። «ግን ብዙ መጡ።»

ስለ ሱቁ ጠየቅኋቸው። ቤቱ እስከ ዛሬ የቀበሌ ነው፤ ቀበሌው ስሙ ወረዳ ሆነ እንጂ ባለቤቱ አልተለወጠም። ከአርባ ዓመት በላይ ቤተሰቡ የሚነግድበት፣ ጣሪያውን ያስጠገኑት፣ መብራት ያስገቡበት ቤት በአንድ ወረቀት ላይ እንኳ የእነርሱ አይደለም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ባንክ ሲሄዱ የሚጠየቁት የመጀመሪያው ቃል «መያዣ» ነው። ካርታ የሌለው ሰው መያዣ የለውም። በ1986 ዓ.ም. የግል ባንክ እንዲከፈት ሲፈቀድ፣ በቀጣዩ ዓመት አዋሽ ባንክ በ486 መሥራቾችና በ24.2 ሚሊዮን ብር ካፒታል ሥራ ሲጀምር፣ ሌሎቹም ሲከተሉ፣ መርካቶ ብዙ ደስ አላት፤ ከባለ አክሲዮኖቹም መካከል የመርካቶ ሰዎች ብዙ ነበሩ። ዛሬ በየመታጠፊያው ባንክ አለ። የእትዬ ገንዘብ እዚያ ይቀመጣል። ብድር ግን ወስደው አያውቁም። የ1967ቱ አዋጅና የ1986ቱ አዋጅ እዚህ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ይጋጫሉ፤ አንዱ ባንኩን ከፈተ፣ ሌላው ወደ ባንኩ የሚገባበትን ወረቀት ወሰደ። ፎቅ የሠሩም አሉ፤ ነጋዴዎች በአክሲዮን ተደራጅተው ቦታቸውን በሊዝ ወስደው የገነቡት ሕንፃ ዙሪያውን ይታያል። ያልቻለው ግን በሁለት ሕጎች መካከል ቆሞ ይነግዳል፤ ቤቱን የማይሸጠው፣ የማያስይዘው፣ ነገ ይነሣ አይነሣ የማያውቀው።

ስለ ደረሰኝ ሳነሣባቸው ፊታቸው ተለወጠ። በኅዳር 2017 መርካቶ ሱቆቿን ዘግታ የነበረችው በዚሁ ነገር ነው፤ ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተናፍሶ። ተጨማሪ እሴት ታክስ ከ1995 ጀምሮ አለ፤ 15 በመቶ፤ ነገሩ አዲስ አይደለም። «ጠላን አይደለም» አሉ እትዬ። «ከላይ ስገዛ ደረሰኝ አይሰጡኝም፤ ቢሰጡኝም በግማሽ ዋጋ ነው። እኔ ደግሞ ለአንተ ሙሉውን ቁረጪ እባላለሁ። ያልተቀበልኩትን ከየት አምጥቼ ልስጥህ?» ግብር ይከፈል የሚለውን እኔም አምናለሁ። ትምህርት ቤቱም ጤና ጣቢያውም ከሌላ ቦታ አይመጣም። ዳሩ ግን የደረሰኙ ሰንሰለት ከአስመጪው ጀምሮ ካልታሠረ፣ ጫፉ ላይ የተያዘችው ቸርቻሪ ብቻዋን ትጎተታለች። ቁጥጥሩ ዕቃው ወደ አገር በሚገባበት በር መጀመር ሲገባው መጨረሻ በሚሸጥበት በር ጀመረ። በ2003 ዋጋ በተተመነ ጊዜም ይህንኑ አይተናል፤ መደርደሪያው ባዶ ሆነና ተመኑ በወራት ውስጥ ተነሣ። በ2009 የቀን ገቢ ግምት በመጣ ጊዜም ሱቅ ተዘግቷል። መርካቶ ስትቆጣ የምታውቀው አንድ ቋንቋ መዝጊያዋን ማውረድ ነው።

ለውጡ ግን መጥቷል፤ ከበፊቶቹ ሁሉ ይልቅ የሚፈጥነውም ይህኛው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ሲለቀቅ፣ 57 አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ከ100 ብር አለፈ። አባቴ 840 ብሩን በተቀበለ ጊዜ ዶላር 2.07 ብር ነበር። የውጭ ባለሀብት በጅምላና በችርቻሮ እንዲነግድ ተፈቅዷል። ታኅሣሥ 2017 ላይ ፓርላማው የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደውን አዋጅ አጽድቋል። በጥር 2017 መጀመሪያ የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራ ጀምሯል። እነዚህን አልቃወምም፤ ብዙዎቹ ቢዘገዩ እንጂ አልፈጠኑም። የሚያሳስበኝ የእትዬ ነገር ነው። ቃል የሚሠራው ሰው እስከሚተዋወቅበት ድረስ ነው። የአባቴና የአባታቸው ደብተር የሠራው ሁለቱ ስለሚተዋወቁ፣ አንዱ ቢክድ ገበያው ሁሉ ስለሚሰማ ነው። ነገ ሸማ ተራ ላይ ጅምላ የሚከፍተው ኩባንያ ግን ማንንም አያውቅም፤ የሚያውቀው ካርታ፣ የሒሳብ መግለጫ፣ የብድር ታሪክ ነው። እትዬ የብድር ታሪክ አላቸው፤ ረጅምና ንጹሕ ታሪክ። የተጻፈው ግን በዱቤ ደብተርና በዕቁብ መዝገብ ነው፤ ያንን ደግሞ ባንክ አያነብም። ከ1982 ወዲህ የመጡት ማሻሻያዎች በአብዛኛው ክልከላ ማንሣት ናቸው። ሰው ያለ ወረቀት ያጠራቀመውን አመኔታ ወደ ወረቀት የሚያሻግር ሥራ ግን ገና አልተሠራም፤ ቤቱን ለነጋዴው በሚከፍለው ልክ ማስተላለፍ፣ የዕቁብ መዝገቡን እንደ ማስረጃ መቀበል ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነው። ይህ ሳይሆን በሩ ከተከፈተ፣ ትንሹ ነጋዴ የሚሸነፈው በዋጋ ሳይሆን በወረቀት ነው።

«ነገ እሑድ ነው፤ ዕቁብ አለን፤ ና እይ» አሉኝ ስነሣ።

ሄድሁ። ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ብዙ ያልራቀ ሻይ ቤት ነው፤ የፊት በሩን ለሌላ ደንበኛ ዘግተውታል። ሠላሳ የሚሆኑ ሰዎች። ከጸሎት ቀጥታ የመጡ ነጠላ የለበሱ አሉ፤ ቆብ ያደረጉ የአንዋር መስጊድ ሰጋጆች አሉ። የዕቁቡ ዳኛ ሽማግሌ ናቸው፤ ከፊታቸው ገንዘብ ያዡ ብር ይቆጥራል፤ ጸሐፊው በትልቅ መዝገብ በስም አንጻር ምልክት ያደርጋል። ያልመጣ ሰው ገንዘብ በሌላ ሰው እጅ ደርሷል፤ የቀረ የለም። ቁጥሩ የተጻፈባቸው የተጠቀለሉ ወረቀቶች በሲኒ ውስጥ ናቸው። ሻይ የሚያቀርበው ልጅ ዕጣ ሊያወጣ እጁን ወደ ሲኒው ሰደደ።

ዳኛው «ቆይ ልጄ» አሉት።

ሱቁ የተቃጠለበት ሰው ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። የዕጣ ተራው አልደረሰም። ዳኛው የዛሬው ዕጣ ሳይወጣ ለእርሱ ይሰጠው የሚል ሐሳብ መቅረቡን ተናገሩ፤ የሚቃወም ካለ ጠየቁ። ማንም አልተናገረም። አንድ ሰው ብቻ «የእኔ ልጅ ሠርግ በሚያዝያ ነው፤ ከዚያ በፊት እንዲደርሰኝ አስቡልኝ እንጂ አልቃወምም» አለ፤ ጸሐፊው ይህንንም ጻፈው። ሰውየው ተነሣ። ሊናገር ፈለገና አልቻለም፤ ነጠላውን ወደ አፉ አደረገ።

ዳኛው ግን ሥርዓቱን አልዘለሉም። ብሩን በላስቲክ አስረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና እጃቸውን ከላይ ጫኑበት።

«ዋስ?» አሉ።

ደብተሩ የተቃጠለ፣ ዕቃው የተቃጠለ፣ ቤቱም የቀበሌ የሆነ ሰው ዋስ ያስፈልገዋል፤ ዕቁቡ እስኪያልቅ በየሳምንቱ መክፈል አለበትና። ከኋላ አንድ ጎልማሳ እጁን አነሣ። ሁለተኛ ይቀራል። ጸሐፊው እስክሪብቶውን አንሥቶ ጠበቀ።

እትዬ ቦርሳቸውን ከጭናቸው አውርደው እጃቸውን አነሡ።